የጨው ጥራት ጉዳይ፦ ለሻጩ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ (ረቂቅ ለውይይት)

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው እንደተነጋገርነው፣ ለኮራል ገንዳችን የባሕር ውኃ ስለምንሠራበት ጨው አንድ የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ። ስሙ አንድ፣ ባልዲው አንድ፤ የአንዱ አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ሲወጣ የሌላው 11 ይወጣል። አክሮፖራ (ቅርንጫፋማውን ኮራል) የምታሳድጉ ይህ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ጫፉ ይነጣል፣ ከዚያ ሥጋው እየተገፈፈ አጥንቱ ይቀራል። ሻጩ ዘንድ በየግላቸው የሄዱት ሁሉ ያገኙት መልስ «አለካካችሁ ነው» የሚል ነው። ረቂቄ ይኸው፦ «ማኅበሩ ችግር የታየባቸውን ባልዲዎች ሎት ቁጥር (አብረው የተመረቱትን የሚለየውን ቁጥር) ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ሻጩም ይቀይራል።» ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ። ግን በዚህ መልኩ ከሄድን ያንኑ መልስ ይዘን ነው የምንመለሰው። እያንዳንዳችን የምንለካው በየራሳችን መሣሪያ ነው። ሪፍራክቶሜትሩን (የጨዋማነት መለኪያውን) በተጣራ ውኃ ዜሮ ላይ አስተካክሎ የሚተወው ብዙ ነው። መስተካከል ያለበት 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው) በሆነ ማመሳከሪያ ፈሳሽ ነው። ውኃው በእውነት 33 ሆኖ መሣሪያው 35 ቢያሳይ፣ 420 ሚሊግራም በሊትር መሆን የነበረበት ካልሲየም 396 ይወጣል። 1300 የነበረው ማግኒዥየም ደግሞ ወደ 1226 ይወርዳል። ጨውን እንወቅሳለን፣ ጨው ግን ምንም አላደረገም። ስለዚህ «በአንድ ሰው፣ በአንድ የመለኪያ ኪት፣ በ35 ፒፒቲና በ77 ዲግሪ ፋራናይት የተለካ» የሚል ይግባ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልክ ብለሃል። እኔ የምጨምረው ሦስቱን ቁጥሮች አብረን እንይ ነው። አልካሊኒቲ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሦስቱም በአንድ ልክ ከወረዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨዋማነቱ ነው። አልካሊኒቲው በጣም ወርዶ ካልሲየሙ ትንሽ ብቻ ከቀነሰ፣ ማግኒዥየሙም ደህና ከሆነ፣ ጨው በበጠበጥንበት በርሜል ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ዘቅጧል ማለት ነው። አልካሊኒቲው 2.8 ዲኬኤች ሲወርድ ካልሲየሙ የሚቀንሰው 20 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ብቻ ነው። እጃችሁን ወደ በርሜሉ ወለል ሰዳችሁ ዳስሱት፤ ሸካራ ነጭ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውኃን ጨው ላይ ከማፍሰስ ነው። ፓምፑ እየሠራ፣ ጨው ነው ውኃ ላይ ቀስ እያለ የሚጨመረው። አንዱ ቁጥር ብቻውን ካፈነገጠ ግን፣ ለምሳሌ ማግኒዥየሙ ብቻ፣ ያኔ ስለ ሎቱ አፋችንን ሞልተን መናገር እንችላለን።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ባልዲውን ከፍቼ ከላይ ከላይ እየጨለፍኩ ነው የምጠቀመው። ይኼ ለውጥ ያመጣል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ያመጣል እንጂ፣ ጥሩ ጠየቅክ። ባልዲው በመኪና ሲንገጫገጭ መጥቶ ጨው በሰፌድ እንደተንገዋለለ እህል ደቃቁ ወዲህ፣ ደረቁ ወዲያ ይሆናል። የማግኒዥየሙና የካልሲየሙ ቅንጣት ከተራው ጨው ቅንጣት ጋር እኩል አይደለምና፣ የላዩና የታቹ ጭልፋ ልዩ ልዩ ነው። ሳትከፍተው በጎኑ አጋድመህ ወለሉ ላይ አንከባልለው። ደግሞ ክዳኑ ይከደን። የዚህ አገር ክረምት አታላይ ነው፤ በነሐሴ ጋራዥ ውስጥ ክፍቱን ያደረ ባልዲ እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። የጠጠረ ባልዲ ይዘን ለሻጭ አቤት ማለት አንችልም።

ከአርሊንግተን፦
ልጆች፣ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ልዩነቱን ሳናጋንነው እንመዝነው። ገንዳው 8 ሆኖ አዲሱ ውኃ 11 ቢሆን፣ 10 በመቶ ብትቀይሩ ገንዳው 8.3 ይሆናል። ኮራሉ ምንም አይልም። 40 በመቶ ብትቀይሩ 9.2 ይደርሳል፤ ጉዳት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ሎት ሲከፈት ሳይለካ ትልቅ የውኃ ቅያሬ አይደረግ። ሁለተኛ፣ ውኃውን አትርሱት። ለዲሲና ለአርሊንግተን የሚመጣው ውኃ አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን (ውኃ የሚታከምበት የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ) አለበት፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ቲዲኤስ ሜትሩ (ውኃ ውስጥ የሟሟውን የሚለካው) ዜሮ ስላለ ብቻ አትመኑት፣ ክሎራሚንን አያሳይም። የማጣሪያው ካርቦን ካረጀ ክሎራሚኑ ሾልኮ ያልፋል፣ ኮራል ሲከፋው ጥፋቱ በጨው ይመካኛል። የጠቅላላ ክሎሪን መለኪያ ርካሽ ነው። ይግዛ።

አስተባባሪ፦
እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ሐሳብዎን ሙሉ በሙሉ አስገባዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከግዢው በኩል፦ ዛሬ እያንዳንዳችን በየጊዜው ስለምንገዛ በየቤታችን የተለያየ ሎት አለ። አብረን በአንድ ጊዜ ካዘዝን «ሁሉም ባልዲ አንድ ሎት ቁጥር ይኑረው» ብለን መጠየቅ እንችላለን። ሻጩ ብዙ ሲሸጥ ይሰማናል። ጨው ታሽጎ በደረቅ ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ ቶሎ አይበላሽም። ብራንድ እንቀይር የሚል ሐሳብም በስልክ ደርሶኛል። እኔ አሁን አልደግፈውም። አለካካችን አንድ ሳይሆን ብራንድ ብንቀይር የቀየርነው የባልዲውን ቀለም ብቻ ነው የሚሆነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እስማማለሁ። ወሰኑንም እንጻፈው። አምራቹ ባልዲው ላይ ከጻፈው አልካሊኒቲው ከ1 ዲኬኤች በላይ፣ ካልሲየሙ ከ30 ሚሊግራም በላይ ከራቀ እንጠይቅ። ከዚያ በታች ያለው የኪት ስህተት ሊሆን ይችላል። ወሰኑን ካለፈ ናሙናው ወደ አይሲፒ (ውኃ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በዝርዝር የሚለካ ምርመራ) ላብራቶሪ ይላክ፣ ወጪው ከማኅበሩ።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል፦

«የማኅበሩ አባላት ጨው በጋራ፣ በአንድ ሎት ቁጥር ያዝዛሉ። ከእያንዳንዱ ሎት ሳይከፈት የተንከባለለ አንድ ባልዲ ይመረጣል፤ ክሎሪን እንደሌለበት በተረጋገጠ ውኃ ይበጠበጣል፤ በ35 ፒፒቲ፣ በ77 ዲግሪ፣ በአንድ ሰውና በአንድ ኪት ሁለት ጊዜ ይለካል። ውጤቱ ከተስማማንበት ወሰን ካለፈ ናሙናው ወደ ላብራቶሪ ይላካል። ላብራቶሪው ካረጋገጠ ሻጩ ያልተከፈቱትን ባልዲዎች ይቀይራል። ውጤቱ እስኪታወቅ አባላት ከ10 በመቶ በላይ ውኃ አይቀይሩም።»

መለካቱን እህታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ እሺ ብላለች። ማመሳከሪያ ፈሳሹንና የክሎሪን መለኪያውን ገንዘብ ያዣችን ይገዛል። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍ፤ ሰኞ ደብዳቤውን ለሻጩ እሰጣለሁ።