ሀረጎን ስወጣ ጥቁር ጭስ የሚለቅ ሚኒባስ፣ ከየት ልጀምር?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ነኝ። ሃይስ ሚኒባስ አለኝ፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ፣ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር የሚገፋለት) የለውም። የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ፣ የውሃ በርሜልና ማብሰያ ገጠምኩበት። ከቤተሰብ ጋር ሐይቅ ዳር እናድርበታለን፣ አንዳንዴ ላሊበላ እንሄዳለን፣ አንዳንዴም በባቲ አድርገን ወደ አፋር እንወርዳለን።

ችግሩ ጭሱ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሀረጎን ስወጣ ከኋላዬ ያለው ሹፌር መስኮት ይዘጋል። አፋር ስንወርድ ግን ያን ያህል አይታይም፣ ለዚያውም ሙሉ ዕቃ ጭነን። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አፍ ጥላሸት ብቻ ነው፣ ዘይቱም በተቀየረ በሳምንቱ ይጠቁራል። አንዱ መካኒክ "ፖምፓው (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ይውረድ" አለኝ፣ ሌላው "ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተር ይከፈት" አለ። ሁለቱም ወንበሩን አንስተው ሞተሩን እንኳ ሳያዩ ነው የፈረዱት። ጠዋት ቶሎ ይነሳል፣ ዘይትም ውሃም አይጎድልም። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ልይ?

የቦርከና ሹፌር፦
አብሽር ወንድሜ፣ ሞተርህን ማንም እንዳይከፍትብህ። ፋሻ ሲጨርስ ጭሱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ዘይት ይጎድላል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አልጠፋ ካለና ውሃ ከጎደለ ያኔ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ማሸጊያ) ጠርጥር። ጥቁር ግን ናፍጣው በዝቶ ወይ አየሩ አንሶ ሳይቃጠል የወጣ ነው። የዘይቱ መጥቆር አያስጨንቅህ፣ ናፍጣ ሞተር ላይ የተለመደ ነው።

አየሩ ደግሞ እናንተ ጋ እውነትም ያንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ደሴ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ፖምፓው ይህን አያውቅም፣ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ናፍጣ ሀረጎ አናት ላይም ይሰጣል። ከፍታ የሚያመጣጥን ዕቃ ያላቸው የቶዮታ ፖምፓዎች አሉ፣ የሌላቸውም ሞልተዋል። ቱርቦ ቢኖርህ ይክስልህ ነበር፣ የለህም።

ስለዚህ ከአየሩ ጀምር። የአየር ፊልትሮውን አውጣና ወደ ፀሐይ ያዘው፣ ብርሃን ካላሳለፈ ጣለው። የአፋር አቧራ ሲገባበት ቶሎ ነው የሚደፈነው። በኮምፕረሰር የምታስነፋው ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ፣ በለስላሳ ግፊት። ከውጭ የሚነፉት ልጆች አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ እየቀበሩልህ ነው። የአየር ቱቦውንም እይ፣ ያን ሁሉ ዕቃ ስትገጥም የሆነ ነገር ተጭኖት ወይ ተጣጥፎ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ሀረጎን በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው? አልጋና በርሜል ጭነህ በሦስተኛ እየተንገታገተ እግርህን እስከ ወለሉ ከረገጥክ የትኛውም 5ኤል ያጨሳል። ሁለተኛ አስገባና ነዳጁን ግማሽ ላይ ያዝ። አይሱዙ ይቀድምሃል፣ ይቅደምህ። ስትወርድም በፎሌ (ማርሽ አውጥተህ) አትልቀቀው፣ በማርሽ ከወረድክ ፖምፓው ናፍጣውን ይቆርጠዋል፣ ፍሬንህም አይቃጠልም።

ናፍጣ በልቡ፦
ይሄ ሁሉ ወሬ ለምን? ሙሉ ታንክ ላይ ሁለት ሦስት ሊትር ቤንዚን ጨምርና ሀረጎን በሙሉ ጋዝ አውጣው። ጥላሸቱን ጠራርጎ ያወጣዋል። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የፖምፓ ቤት ልጅ፦
ኧረ ተው! የጦሳ ልጅ፣ ይህን እንዳትሞክር። ያንተ ፖምፓ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው፣ ሌላ ዘይት የለውም። ቤንዚን ስትጨምር ያቺን ቅባት ታሳጣዋለህ፣ ውስጡ ይፋፋቃል። ጭሱ ለጊዜው የቀነሰ ይመስልህና ፖምፓ ትገዛለህ። ዋጋውን ደግሞ ታውቀዋለህ።

ከአየሩ ቀጥሎ ኖዝል (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው) ነው። ደህና ኖዝል እንደ ጉም ይረጫል፣ ያረጀው ያንጠባጥባል፣ የተንጠባጠበው ደግሞ በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። አራቱንም አስወርደህ በመሞከሪያው አስይ፣ አጠገቡ ቆመህ እይ። አረጫጨቱን በዓይንህ ታየዋለህ፣ ማንም አያጭበረብርህም። ፖምፓ ከማውረድ በብዙ ይረክሳል።

ሌላው ጉድ የሙሉ ጋዙ ቡሎን ነው። ፖምፓው ላይ የናፍጣውን ከፍተኛ መጠን የምትወስን አንድ ቡሎን አለች፣ "ጉልበት ጨምርልኝ" የተባለ መካኒክ ሁሉ የሚያዞራት። መኪናው ድሮ ታክሲ ከነበረ ሳትነካ አትቀርም። ማሸጊያዋ ተበጥሶ ወይ የቁልፍ ጭረት ካየህባት በጆሮ መልሰው እንዲያዞሩልህ አትፍቀድ፣ ካሊብሬሽን (የፖምፓ መለኪያ ማሽን) ላይ ተለክታ ትስተካከል። ለደሴ ከፍታ ትንሽ ማስቀነስ ትችላለህ። ቆላ ስትወርድ ግን ጉልበቱ ቀነስ ይልብሃል፣ ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም።

የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻም ፈታ እያደረግህ እይ፣ በተለይ ናፍጣ ጠፍቶ ከጀሪካን የተቀዳህ ሰሞን። ውሃ ኖዝልንም ፖምፓንም ይጨርሳል።

እሙ ሐይቅ፦
ወንዶቹ ስለ ሞተሩ ብዙ ብላችኋል፣ እኔ ስለ ማታው ልጠይቅ። ስታድሩ ባትሪ ለመሙላት ሞተሩን ቆሞ ታሠሩታላችሁ? ባለቤቴ ይህን ያደርግ ነበር። ናፍጣ ሞተር ሥራ ሳይኖረው በዝቅተኛ ዙር ለረጅም ሰዓት ቆሞ ሲሠራ በቂ ሙቀት አያገኝም። ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ኖዝልና ቫልቭ ላይ ይጋገራል፣ ከፊሉም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። እኛ ጣሪያው ላይ ሶላር አድርገን ለመብራቱና ለፍሪጁ ሁለተኛ ባትሪ ለየን፣ ሞተሩ ለመንዳት ብቻ ሆነ። ዘይት የምትቀይሩት በኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነም አስቡበት፣ ቆሞ የሠራው ሰዓት ቆጣሪው ላይ አይታይም።

በናፍጣ የሚሠራ የመኝታ ማሞቂያ ካላችሁ እሱም የዚሁ በሽታ ተጠቂ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚያንሰው ውስጡ በጥላሸት ይደፈናል። ሲገዛ የከፍታ ማስተካከያ ያለው ይሁን፣ ሁሌ በዝቅተኛ አታሠሩት፣ ከመጥፋቱ በፊት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አሠሩት። የጭስ ቱቦው ከመኪናው ውጭ ይውጣ። ከሰል አቀጣጥላችሁ ልጆች ይዛችሁ ተዘግታችሁ የምትተኙ ካላችሁ ደግሞ ወላሂ ብርዱ ይሻላችኋል። የከሰሉ ጋዝ አይሸትም፣ አያነቃም፣ ይገድላል።

ከኮምቦልቻ፦
ጣልቃ ልግባና፣ የኔ ከአውሮፓ የገባ ቫን ነው፣ ኮመን ሬል (ናፍጣው በኮምፒውተር የሚታዘዝ) ከነ ዲፒኤፉ (የጭሱ ጥላሸት ማጣሪያ)። ጭስ የለውም፣ ግን መብራት እያበራ ጉልበት ይቀንሳል። ዲፒኤፉ ይቆረጥ ይሉኛል።

የፖምፓ ቤት ልጅ፦
ዲፒኤፍ ጥላሸቱን ይይዝና 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አቃጥሎ ያጸዳዋል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት እያልክ ያን ሙቀት በጭራሽ አያገኝም። ሞተሩን አሙቀህ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳታቋርጥ ሜዳ መንገድ ላይ ንዳው፣ ወደ ከሚሴ ያለው መንገድ ይሆንሃል። ዘይቱም ለዲፒኤፍ የሚሆነው፣ አመዱ ያነሰው ይሁን። አውሮፓ ናፍጣ ላይ የሰልፈር ጣሪያው በሚሊዮን 10 ነው፣ መኪናህ የተሠራው ለዚያ ነው። ከመቁረጥህ በፊት የግፊት ሴንሰሩንና ኖዝሎቹን በኮምፒውተር አስነብብ። ዲፒኤፉ የሚደፈነው ብዙ ጊዜ በሌላ በሽታ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። የአየር ፊልትሮው ከፀሐይ ብርሃን ጠብታ አላሳለፈም፣ ቀየርኩት። በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁ፣ ጭሱ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ፣ ግን ነዳጅ ጫን ሳደርግ አሁንም ቡን ይላል። ቡሎኗ ላይ የቁልፍ ጭረት አለ። እሙ ሐይቅ እህቴ፣ አዎ ቆሞ እናሠራዋለን፣ ሶላሩን እያጠያየቅኩ ነው። አሁን ኖዝል ይቅደም ወይስ ፖምፓ?

የፖምፓ ቤት ልጅ፦
ኖዝል። ቡሎኗን አትንካት፣ ጭሱ ከኖዝሉ በኋላም ካልጠፋ ፖምፓውን ያኔ እናወርደዋለን። ኖዝሎቹ ሲመለሱ ሥራቸው ያሉት ማሸጊያዎች አዲስ ይሁኑ፣ አሮጌውን እንዳይመልሱልህ ቆመህ እይ።