ከሜክሲኮ ሲቲ ደርሶ መልስ፦ ፑኤብላ ወይስ ታስኮ? እናቴን ይዤ ነው

የሜክሲኮዋ ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከእናቴ ጋር ለአንድ ሳምንት ሜክሲኮ ሲቲ ልንሄድ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ እያለን ሰፈራችን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነበር። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!» በሚል ታክሲ ወደ ቤቷ ስትገባ ኖራ፣ አሁን የምሯን ሜክሲኮ ልትሄድ ስለሆነ ላገኘችው ሰው ሁሉ እያወራች ነው።

አንዱን ቀን ከከተማ ወጣ ብለን ስፔኖች የቆረቆሯቸውን የድሮ ከተሞች ማየት እንፈልጋለን። ሁለት ዓይነት ጉብኝት አገኘሁ። አንዱ ፑኤብላና ቾሉላ ነው። ሌላው ኩዌርናቫካና ታስኮ። ሁለቱም ጠዋት ከሆቴል ወስደው ማታ ይመልሳሉ፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው።

ችግሩ እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ ደረጃ አትወጣም። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው። «የሰው አገር ነው» ብላ የምትገድፍ ሴት ደግሞ አይደለችም። ስፓኒሽ «ግራሲያስ» ላይ ያልቅብናል። የትኛው ይሻለናል? አስጎብኚስ የግድ ነው ወይስ ገንዘብ ማባከን? ሁለታችንም ያለን ግሪን ካርድ ነው፣ ቪዛ ይጠይቁን ይሆን?

ጉዞ ሱሴ

ቪዛውን በአጭሩ፦ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለጉብኝት ሲገባ የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልገውም። ፓስፖርቱም ካርዱም ጊዜያቸው ያላለፈ ይሁን፣ ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ።

ከተማውን በተመለከተ እኔ ታስኮ ነው የምልሽ። ተራራ ላይ የተለጠፈ ከተማ ነው። ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ ጣሪያው ቀይ ሸክላ። ታክሲዎቹ ነጭ ቮልስ ናቸው፣ አዎ፣ ያቺው የኛዋ ቮልስ! ዳገቱን ስትወጣ የሞተሯን ድምፅ ሰምተሽ አባትሽ ትዝ ካላሉሽ እኔን አያርገኝ። መሃሉ ላይ ሳንታ ፕሪስካ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ሆሴ ዴ ላ ቦርዳ የሚባል በብር ማዕድን የከበረ ሰው ነው ያሠራው። እ.አ.አ. በ1751 ተጀምሮ በ1758 አለቀ። ለዚያን ጊዜ ፍጥነቱ ጉድ ነው። የብር ጌጥ ከወደድሽ ደግሞ ሌላ የትም አትሂጂ። 925 የሚል ማህተም ከሌለው ብቻ እንዳትገዢ።

ለእናትሽ ደግሞ እዛው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ። መስመር 3 ላይ ነው፣ ምልክቱም አንበሳ ነው። እንዳያመልጣቸው።

የፑኤብላ አማች

ባለቤቴ የፑኤብላ ልጅ ናት። የምንኖረው ሂዩስተን ነው፣ በዓል ሲመጣ ግን ወደ አማቶቼ ነው። ስለዚህ አድልዎ አለብኝ፣ እያወቅሽ አንብቢው።

ታስኮ ቆንጆ መሆኑን ማን ይክዳል። ግን ለእናትሽ ጉልበት አይሆንም። መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። የተነጠፈው ድንጋይ ደግሞ ያንሸራትታል፣ ነሐሴ እዚያም ክረምት ነው። ከሜክሲኮ ሲቲ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሄዶ መመለሱ ብቻ አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይበላል። ኩዌርናቫካን ጨምሩበት፣ የብር ሱቅ ጨምሩበት፣ ምሳ ጨምሩበት። ለከተማው ምን ተረፈ? ጌሬሮ የሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ስለሆነም የአሜሪካ መንግሥት ለተጓዦች ያወጣውን የወቅቱን ማስጠንቀቂያ ሳታነቢ ትኬት አትቁረጪ።

ፑኤብላ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሰፊ አውራ ጎዳና፣ ሁለት ሰዓት። ስፔኖቹ በ1531 ሜዳ ላይ ለክተው የቆረቆሩት ስለሆነ መሃል ከተማው ደልዳላ፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። ሰው አይጠፋበትም፣ ጉልበትም አያሰቃይም።

ጉብኝት ስትገዢ መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቂ። «እያንዳንዱ ቦታ ላይ ከመኪና ወርደን ስንት ሰዓት እንቆያለን?» በያቸው። መልስ ሲያጡ እለፊያቸው። አንድ ጊዜ እንግዶች መጥተውብኝ ከአንድ ድርጅት ጋር አብሬ ወጥቼ ነበር። ሸክላ ሱቅ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀመጡን። ባለሱቁ ቡና ሁሉ አፈላልን። ካቴድራሉን ግን በቫኑ መስኮት ነው ያሳዩን፣ «ፎቶ አንሱ» ብለው። አስጎብኚው ከሱቁ ኮሚሽን እንዳለው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ሱቅ የለውም» ወይም «ሱቅ በምርጫ» የሚል ፈልጊ፣ ትንሽ ቢወደድም።

በየትኛውም መንገድ ሂዱ፣ ፑኤብላ ያለው የሮዛሪዮ ጸሎት ቤት እንዳያመልጣችሁ። ሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጎን በኩል የምትገባ ናት፣ የተመረቀችው በ1690 ነው። ግድግዳው እስከ ጉልላቱ ድረስ ጀሶ ነው። ቅጠል፣ ሐረግ፣ የመላእክት ፊት ሆኖ ተቀርጾ በላዩ ስስ ወርቅ ለብሷል። ባዶ ቦታ የለውም፣ የጣት ስፋት እንኳ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል፣ ከዚያ አንገቱን ያመዋል። አማቴ ያስተማረችኝ ዘዴ አለ። የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ወደ ኋላ ደገፍ በሉ። እናትሽም ያርፋሉ።

ፓላፎክሲያና የሚባለው ቤተ መጻሕፍትም እዚያው መሃል ከተማ ነው። ሁዋን ዴ ፓላፎክስ የሚባል ጳጳስ በ1646 የራሱን 5,000 መጻሕፍት ሰጥቶ ማንበብ ለሚችል ሁሉ ክፍት እንዲሆን አደረገ። ዛሬ 45,000 ያህል አሉ። ደረጃ ስላለው እናትሽ ካልቻሉ ታች ግቢው ውስጥ ይጠብቁሽ።

አስጎብኚ የሚያስፈልገው መሃል ፑኤብላ ላይ አይደለም። ቾሉላና ቶናንትዚንትላ ላይ ነው። ቾሉላ ስትደርሺ የምታይው ጉብታ ነው፣ አናቱ ላይ ቢጫ ቤተ ክርስቲያን ያለበት። ጉብታው ግን ፒራሚድ ነው። በይዘቱ ከዓለም አንደኛ ነው፣ የጊዛውን ይበልጣል። የአንዱ ጎኑ ርዝመት 400 ሜትር ገደማ ነው። ስፔኖች ሲመጡ ሣርና ዛፍ ውጦት ነበር። ይህን የሚነግርሽ ሰው ከሌለ ኮረብታ አይተሽ ነው የምትመለሺው። የስፔኖቹ ጦር መሪ ኮርቴዝ በ1519 እዚያ ከተማ ሕዝብ ማስጨፍጨፉን የማያነሳ አስጎብኚ ከገጠመሽ ራስሽ ጠይቂው። «365 ቤተ ክርስቲያን አለን፣ ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንድ አንድ» ካለሽ ደግሞ ሳቂና እለፊው፣ ከዚያ በጣም ያንሳል። ወደ አናቱ የሚያስወጣው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ እናትሽ አይሞክሩት።

ቶናንትዚንትላ ግን ለእሳቸው የተሠራ ነው የሚመስለው። ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ደረጃ የለም ማለት ይቻላል። መላእክቱን የሠሩት የአገሬው ሰዎች ናቸው። በራሳቸው መልክ ነው የሠሯቸው፣ የላባ አክሊል አድርገውላቸው፣ ፍራፍሬና በቆሎ ከበው። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እኔ በበኩሌ ደግ አደረጉ እላለሁ፣ ሰው ስልኩን ሲያስቀምጥ ዓይኑ ይሠራል።

ጾሙ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባቄላ ነው ብለሽ ያዘዝሽው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ነው። ታማሌ የሚባለው የበቆሎ ሊጥ ውስጥም ስብ አለ። ሞሌ የሚባለው ወጣቸው ደግሞ የዶሮ መረቅ አለበት። ወቅቱ ቺሌስ ኤን ኖጋዳ የሚባለው የተሞላ ቃሪያ ስለሆነ አስጎብኚው «ይህን ሳትበሉ!» ብሎ ይለምናችኋል። ሥጋ፣ እንቁላልና ክሬም ነው፣ አንቺ ብዪው። ለእናትሽ «ሲን ማንቴካ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ካርኔ» በዪ፣ ያለ ስብ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ሥጋ ማለት ነው። ቶርቲያ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ፣ አቮካዶ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ የተጠበሰ ቁልቋል ያቀርቡላቸዋል። ገበያ ውስጥ ተልጦ የሚሸጥ በለስ አለ። የበለስ አገሩ እዚያ ነው፣ የኛ በርበሬም ዘሩ ከዚያ ነው የመጣው። ደግነቱ የሜክሲኮ ሰው ምሳ የሚበላው በኛ አቆጣጠር ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ከዚህ የተሻለ አገር የለም።

ሰኞ አትሂዱ፣ አብዛኞቹ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ናቸው። እሑድ ማታ መመለሻው መንገድ ይጨናነቃል። ማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ይሻላል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ በጠዋት ውጡ።

ሻንጣዬ ያውቃል

አስጎብኚ ምን ያደርጋል? ታፖ ከሚባለው የምሥራቁ አውቶቡስ ተርሚናል በየጊዜው ወደ ፑኤብላ የሚወጣ ምቹ አውቶቡስ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ሽንት ቤት አለው። ከተማው ውስጥ የፈለግሽውን ያህል ትቆያለሽ፣ ማንም አያጣድፍሽም።

በነገራችን ላይ ፑኤብላ ማለት የሲንኮ ዴ ማዮ ከተማ ናት። ጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ ሜይ 5 ቀን 1862 የፈረንሳይን ጦር ያሸነፈበት። የነሱ ዓድዋ በዪው። አሜሪካ ውስጥ ግን የማርጋሪታ ቀን አድርገነዋል።

የፑኤብላ አማች

ወንድሜ ሻንጣዬ፣ ለአንተና ለእኔ አውቶቡሱ ልክ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ግን ቁጠረው፦ ከሆቴል ታፖ በታክሲ፣ የፑኤብላ ተርሚናል ከመሃል ከተማ ራቅ ስለሚል እንደገና ታክሲ፣ ወደ ቶናንትዚንትላ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ ያንኑ ሁሉ መልሶ። እናት ይዞ ሲሆን ቫን በሩ ላይ ሲቆም የተከፈለው ብር አይቆጭም።

ዓድዋውን ግን አልቀበልህም። ከባለቤቴ ወንድሞች ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ ነው። ፈረንሳዮቹ በዓመቱ ተጠናክረው መጥተው፣ ፑኤብላን ሁለት ወር ከብበው ያዟት። ማክሲሚሊያን የሚባል የኦስትሪያ ልዑል አምጥተውም አነገሡባቸው። እ.አ.አ. በ1867 ነው ተማርኮ የተረሸነው፣ አፄ ቴዎድሮስ ከመሞታቸው ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ። ሳራጎሳም በድሉ ዓመት በበሽታ ሞተ። ትልቅ ድል ነው፣ ግን ጦርነቱን የጨረሰ ድል አይደለም።

የሜክሲኮዋ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ለእማዬ አንብቤላት ፑኤብላ ብላ ቆርጣለች። «በአሳማ ስብ የተጠበሰ ባቄላ» የሚለው ላይ ስደርስ አማተበች። ረቡዕ የሚወጣ፣ ስድስት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሱቅ የሌለው አግኝቻለሁ። ቶናንትዚንትላ አንድ ሰዓት ገደማ፣ መሃል ፑኤብላ ሦስት ሰዓት ተኩል አሉኝ። ይበቃል?

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ያ የሜትሮ ጣቢያ እውነት ስማችን ነው? ደግሞ ሰማያዊና ነጩን የፑኤብላ ሸክላ መግዛት እፈልጋለሁ፣ ትክክለኛው በምን ይታወቃል?

ጉዞ ሱሴ

እውነት ነው። ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። ጃንሆይም እ.አ.አ. በ1954 ሄደው ጎብኝተዋታል። ጣቢያው በኛ ስም ነው፣ የእናንተ ሰፈርም በነሱ ስም። ታስኮን ለሚቀጥለው ጊዜ አቆይልሻለሁ፣ አልተሸነፍኩም!

የፑኤብላ አማች

ሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ምሳው ከውስጡ ካልተቀነሰ። እሱን በጽሑፍ አረጋግጪ።

ሸክላውን ስትገዢ ገልብጠሽ ቂጡን እዪው። ያ ሸክላ ታላቬራ ነው የሚባለው፤ በዚህ ስም እንዲሸጥ የተፈቀደለት ቤት ከሆነ ከሥሩ የቤቱ ስም በእጅ ተጽፎበታል፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጡሻል። ሥዕሉን በጣትሽ ዳብሺው። የምሩ ቀለም፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማሻል። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ለጥ ያለ ነው። ዋጋው ካስደነገጠሽ ትንሽ ሴራሚክ ግዢ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን። ወጥ ልታቀርቢበት ከሆነ ግን «ሲን ፕሎሞ» ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ እርሳስ የለበትም ወይ ማለት ነው፣ የድሮው ቅብ እርሳስ ነበረበት። ስትመለሺ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፣ በነጠላ ጠቅልለሽ በእጅሽ ያዢው።