ጥቆማ ለሳይኮሎጂ ተማሪዎች፦ የትኛው ዘርፍ፣ የማን ሌክቸር፣ የትኛው ሶፍትዌር

ሳይኮሎጂ ሊማር የገባ ሰው "የትኛው ዘርፍ ይሻለኛል?" ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ ያው ክሊኒካል (የአእምሮ ሕመምንና ሕክምናውን የሚያጠናው ዘርፍ) ነው። የእኔ ይለያል። የዘርፉን ስም ተዉትና የዕለት ሥራውን እዩ። ሰዎቹ ምን ሲሠሩ ነው የሚውሉት? ከሰው ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ? ሕፃን ሲጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ እየመላለሱ ያያሉ? ወይስ ኮምፒውተር ላይ ተጥደው ሚሊሰከንድ ይለካሉ?

ክሊኒካልን ጠልቼው አይደለም። ግን በመጀመሪያ ዲግሪ ስለ ሕመሞቹና ስለ ሕክምናዎቹ ትማራላችሁ እንጂ ማከም አትማሩም። በአብዛኛው አገር ቴራፒስት ለመሆን ከዚያ በላይ ያለ ዲግሪ፣ በዚያ ላይ ባለሙያ እየተቆጣጠረው የሚደረግ ልምምድ ይጠየቃል። ሳይካትሪስትማ ጭራሽ ሐኪም ነው፤ መንገዱም ሌላ። ይህን አውቆ ለገባ አሪፍ ዘርፍ ነው። የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ ብሎ ለገባ ግን ከንቱ ድካም።

የልጆች እድገት ትዕግሥት ላለው ሰው ይመቻል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ዣን ፒያዤ ዕቃዎችን በቁጥር እኩል በሆኑ ሁለት ረድፎች ደርድሮ ለትንሽ ልጅ ያሳያል። ከዚያ አንዱን ረድፍ ያራርቀዋል። አራት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ የተራራቀው ይበዛል ይላል። ቁጥር ገና አልገባውም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ማክጋሪግልና ዶናልድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አንዲት ነገር ቀየሩ፦ ረድፉን የሚያበላሸው ትልቁ ሰው መሆኑ ቀርቶ አንድ አስቸጋሪ የአሻንጉሊት ድብ ሆነ። በዚህኛው በጣም ብዙ ልጆች በትክክል መለሱ። ለካ ትልቅ ሰው አውቆ ነካክቶ ያንኑ ጥያቄ ሲደግመው ልጁ "መልስ ቀይር እያለኝ ነው" ብሎ ሊያስብ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስደስታችሁ ከሆነ ዘርፋችሁን አግኝታችኋል።

ማኅበራዊ ሳይኮሎጂ (ሰው በሰው መካከል ሲሆን እንዴት እንደሚያስብና እንደሚሠራ የሚያጠናው) ወሬው ይጥማል፤ ፈተናውም ቀላል ይመስላል። ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 100 ጥናቶችን ደግመው ሠሩ። ያው ውጤት የተገኘው ከማኅበራዊዎቹ ሩብ ያህሉ ላይ፣ ከኮግኒቲቮቹ (ስለ አስተሳሰብ ከሚያጠኑት) ደግሞ ግማሽ ያህሉ ላይ ነበር። ስለዚህ መምህራችሁ አንድ የሚያስደንቅ ሙከራ ሲተርክላችሁ "ተደግሞ ተሠርቷል ወይ?" በሉት። ጥሩ መምህር ጥያቄውን ይወደዋል።

የእኔ ምርጫ ኮግኒቲቭ ነው። ስለ ትኩረት፣ ስለ ትውስታ፣ ስለ ውሳኔ ያጠናል። ትልቁ ጥቅሙ ብዙውን ነገር ራሳችሁ መሞከር መቻላችሁ ነው። "ቀይ" የሚለውን ቃል በሰማያዊ፣ "አረንጓዴ" የሚለውን በቀይ እያደረጋችሁ ገጽ ሙሉ ጻፉ። አሁን ቃሉን ሳይሆን ቀለሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩና ሰዓት ያዙ። ምላሳችሁ ይተሳሰራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ስትሩፕ የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ይኸው ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

ወደ ሌክቸር ልምጣ። ሦስቱም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፖል ብሉም ዬል ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ሳለ የተቀረጸው ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ ሲያስረዳ አያጨናንቅም። የኤምአይቲው ጆን ጋብሪኤሊ ወደ አንጎል ያደላል፤ ከብሉም ቀጥሎ ቢታይ ይሻላል። የስታንፎርዱ ሳፖልስኪ ከሁሉም ያዝናናል፣ ግን እሱ የሚያስተምረው የባሕርይን ባዮሎጂ ነው። ጂንና ሆርሞን ካልሳባችሁ አቆዩት። የትኛውንም ስታዩ አንዱን ቪዲዮ ሦስቴ አትመልከቱ። አንዴ አይታችሁ ዝጉት፣ ከዚያ የምታስታውሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ደጋግሞ ማንበብ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተን ያሸንፋል፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚያሸንፈው ራሱን የፈተነው ነው።

የቀረው ስታቲስቲክስ ነው። የሚያስለቅሰው እሱ ነው፣ ግን የትኛውም ዘርፍ ብትገቡ አታመልጡትም። ኤስፒኤስኤስ (SPSS) የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚከፈልበት ነው፤ ትምህርት ቤታችሁ ካልሰጣችሁ ገንዘብ አታውጡበት። ጃስፕና (JASP) ጃሞቪ (jamovi) የተባሉት ሶፍትዌሮች ነፃ ናቸው፣ እንደ እሱ በማውስ እየተነካኩ ይሠራሉ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሥራም ይበቃሉ። ማስተርስ የምታስቡ ከሆነ አር (R) የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መልመድ ይኖርባችኋል። እሱም ነፃ ነው፣ ግን ኮድ መጻፍ ስላለበት መጀመሪያ ላይ ይፈትናል። እኔ ብሆን በጃሞቪ እጀምራለሁ፦ የሲንታክስ አማራጩን ስታበሩት ከእያንዳንዱ ስሌት ጋር የአር ኮዱን ያወጣላችኋል፤ እሱን እየገለበጣችሁ መልመድ ትችላላችሁ።