786 ሠራተኛን በአንድ ቪዲዮ ማሰናበት፦ ድርጅት ማዳን ነው ወይስ በሕግ መጫወት?

አወያይ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ባለፈው በከተማችን ፋብሪካዎች በኤጀንሲ ስለሚቀጠሩ ወጣቶች ስንነጋገር አንድ አባላችን የእንግሊዙን ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ አንስቶ ነበር። ለማታውቁት ባጭሩ ይኸውና። ኩባንያው መንገደኛና መኪና ጭነው ከብሪታንያ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሆላንድና ወደ ሰሜን አየርላንድ የሚመላለሱ፣ ፌሪ የሚባሉ መርከቦች አሉት። ባለቤቱ የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ነው። መጋቢት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደብ ላይ እንዲቆዩ አዘዘና፣ 786 መርከበኞችን ቀድሞ በተቀረጸ ቪዲዮ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ያ ቀን መሆኑን ነገራቸው። በቦታቸው በኤጀንሲ የመጡ ሠራተኞች ገቡ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ኪሳራ ላይ ያለ ድርጅት እንዲህ ቢያደርግ ተገቢ ነው? ምክንያታችሁን ጻፉ። ስድብ ይሰረዛል።

ነጋዴው፣ ሸዋ ሮቢት፦
ብትቆጡም እኔ ድርጅቱን እደግፋለሁ። ሥራ ከፍቼ ሰው ቀጥሬ አውቃለሁ። ገበያው ቀዝቅዞ የደመወዝ ቀን ሲደርስ እንቅልፍ የለም። ይሄ ኩባንያ በዓመት 100 ሚሊዮን ፓውንድ እየከሰርኩ ነው ብሏል፣ ኮቪድ መንገደኛውን አስቀርቶበታል። 786ቱን ባላሰናብት የቀሩት 2,200 ሰዎችም ሥራ ያጡ ነበር ነው የሚለው። ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልሸኛቸውም፣ በድምሩ 36.5 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መድቧል። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ካሳ የሚያገኝ ማን ነው? ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ መብት እንጀራ አይሆንም።

የፈረቃ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ የሸዋ ሮቢቱ፣ ካሳውን ስትጠራ ደመወዙን ለምን ዘለልከው? በኤጀንሲ የተተኩት በአማካይ በሰዓት 5.50 ፓውንድ ነው የሚከፈላቸው የነበረው። ያኔ የእንግሊዝ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 8.91 ነበር። ገንዘብ የለም እንዳትለኝ፣ ይኸው ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ሁለት አዳዲስ መርከቦች በ260 ሚሊዮን ዩሮ ቻይና ውስጥ አዝዞ ነበር። ለብረቱ ገንዘብ ተገኘ፣ ለሰው ሲሆን ጠፋ።

እኔ በኤጀንሲ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ቋሚ ነበረች። ማሽናችን አንድ፣ ፈረቃችን አንድ፣ ደመወዛችን ግን ለየቅል። ታምሜ ፈቃድ ስጠይቅ ፋብሪካው ኤጀንሲሽን ጠይቂ ይለኛል፣ ኤጀንሲው ደግሞ ፋብሪካውን ጠይቂ ይላል። አለቃዬ ማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ ነው የወጣሁት። ስለዚህ የዚያን የመርከበኛ ጉዳይ ሳነብ የሩቅ ሰው ታሪክ አልሆነብኝም።

የሕግ ባለሙያ፣ ፍቼ፦
በሕጉ በኩል ልግባ። መቀነስ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ የትም አገር። ችግሩ አካሄዱ ላይ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ይህን ያህል ሰው ከመቀነስ በፊት ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ምክክር ይደረግ ይላል። የኩባንያው ሥራ አስፈጻሚ በሳምንቱ ፓርላማ ቀርቦ ምክክር ማድረግ ግዴታችን እንደነበር እናውቃለን፣ ነገር ግን የትኛውም ማኅበር እቅዳችንን ስለማይቀበል ላለማማከር ወሰንን አለ። ዳግም ቢሆንም ያንኑ አደርጋለሁ ብሎ ጨመረበት። እንግዲህ አስቡት፣ ሕጉን መጣሱን ሕግ አውጪዎቹ ፊት ተቀምጦ ነው የተናገረው። ከዚያስ? ነሐሴ ላይ ጉዳዩን የመረመረው መሥሪያ ቤት የወንጀል ክስ እንደማይመሠርት አስታወቀ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ካሳውን አስቀድሞ እንደ ወጪ አስልቶ የገባ ባለሀብት ፊት ምክክር የሚለው አንቀጽ ምንም ኃይል የለውም።

የእኛም አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 29 ላይ ቅነሳ ሲደረግ እነማን እንደሚቀሩ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር ይመከር ይላል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለ። ማኅበር በሌለበት ፋብሪካ ግን ማን ያማክራል?

መርከበኛው፣ የመንዝ ልጅ፦
ባሕር ዳር ተምሬ መርከብ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም። መጀመሪያ እንዴት ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች መክፈል ቻሉ ለምትሉ፦ መርከብ የሚተዳደረው ባንዲራውን በሚያውለበልብለት አገር ሕግ ነው። የፒ ኤንድ ኦ መርከቦች እንግሊዝ ዶቨር ወደብ እያደሩ፣ እንግሊዛዊ እየጫኑ፣ ባንዲራቸው የቆጵሮስ፣ የባሃማስ ወይም የቤርሙዳ ነበር። የተባረሩት ሰዎች ውል ራሱ የራሷ ሕግ ባላት በጀርሲ ደሴት በኩል የተፈረመ ነበር። ይሄ ሁሉ በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ዓለም አቀፉ ባሕር እንዲህ ነው የሚሠራው።

እኔም በኮንትራት ነው የምሠራው። ለቤተሰቤ እንጀራ ነው፣ በኤጀንሲ የመጣውን መርከበኛ ሌባ ልለው አልችልም። ከድሃ አገር የመጣ ሰው የተሰጠውን ይፈርማል። ግን ስለ ድካም እናውራ። ውቅያኖስ ላይ ወራት ስትቆይ ፋታ የምታገኝበት ረጅም ጉዞ አለ። ፌሪ ግን በቀን ደጋግሞ ይጭናል ያራግፋል፣ ጠባብና በመርከብ የተጨናነቀ ባሕር ላይ ነው የሚሮጠው፣ ውስጡ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለ። እዚያ ላይ ሰው ለወራት ሳይወርድ ቢሠራ ምን ይሆናል?

የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የምትባል ፌሪ ከቤልጂግ ዜብሩገ ወደብ የፊት በሯ ሳይዘጋ ወጣች። ውኃ የመኪናውን ወለል ሞላውና በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። 193 ሰው አለቀ። በሩን መዝጋት የነበረበት ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነበር? ካፒቴኖች በሩ መዘጋቱን የሚያሳይ መብራት ይገጠምልን ብለው አስቀድመው ጠይቀው፣ የቢሮ ኃላፊዎች አጣጥለውባቸዋል። መርከቧን የያዘውን ኩባንያ ፒ ኤንድ ኦ የገዛው አደጋው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በዓመቱ፣ በ1988 እ.ኤ.አ.፣ የዶቨር መርከበኞች የሥራ ቅነሳውንና ረዘም ያለውን አዲስ ፈረቃ ተቃውመው አድማ መቱ፣ ለደኅንነትም ያሰጋል አሉ። ኩባንያው ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ አድማ መቺዎችን አሰናበተ።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ያው ነው። ነባሮቹ ከወጡ በኋላ ተቆጣጣሪዎች ዩሮፒያን ኮዝዌይ የተባለችውን ፌሪ ሰሜን አየርላንድ ላርን ወደብ ላይ አገዷት። ምክንያቱ አዲሶቹ ሠራተኞች መርከቧን በቅጡ አለማወቃቸው፣ የሥልጠናና የሰነድ ጉድለት ነበር። ቀጥሎ ሌሎችም ታገዱ። በአንድ ቀን 786 ልምድ ያለው ሰው አስወጥተህ ምን ጠብቀህ ነው?

ታሪክ ወዳጅ፣ አንኮበር፦
እኔ ደግሞ ወደኋላ ልመልሳችሁ። ፒ ኤንድ ኦ በ1837 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን የመንግሥት ፖስታ ወደ ስፔንና ፖርቱጋል በማመላለስ ነው የተነሳው። በኋላ ወደ ሕንድ ሲዘረጋ የእንፋሎት መርከቦቹ ድንጋይ ከሰል የሚሞሉት ኤደን ላይ ነበር። ኤደንን እንግሊዝ የያዘችው በ1839 ነው። በ1841 የእንግሊዙ የሃሪስ ልዑክ ወደ እኛው አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው ከዚያችው ከኤደን ተነስቶ በታጁራ በኩል ነው። ያ ሁሉ ታሪክ ያለው ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ለዱባይ ተሸጠ። ዲፒ ወርልድ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ላይ ውሉ በ2018 እ.ኤ.አ. ተቋርጦበት ክስ መሥርቷል፣ በርበራን እያስተዳደረ ነው። እቃችን በሚያልፍበት ወደብ ላይ ያለ ድርጅት ሠራተኛውን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ይጠቅመናል።

ነጋዴው፣ ሸዋ ሮቢት፦
የመንዙ ልጅ፣ የጻፍከውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። የደኅንነቱን ነገር አልከራከርም፣ ሰው የሚጭን ድርጅት በዚያ አይቀልድም። ግን በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ ገበያ፣ አጎዋ፣ ሲቀር በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ትእዛዝ ቀረ፣ ልጆቹ ወደ ቤት ሄዱ። ሕጉን ስታጠብቁበት ባለሀብቱ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ደብረ ብርሃን ላይ ማን ይቀጥራል?

የፈረቃ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን፦
አጎዋ የቀረው በእኛ ደመወዝ መወደድ አይደለም እኮ። ደመወዛችን ያኔም ዝቅተኛ ነበር፣ አላዳነንም። ርካሽ መሆን ሥራችንን የሚያስጠብቅልን ቢሆን ኖሮ ማንም አይበተንም ነበር። በዚያ ላይ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ዓመታት አልፈዋል፣ በግሉ ዘርፍ ወለሉ ገና አልተቆረጠም። እንግሊዞቹ ቢያንስ 8.91 ብለው የሚከራከሩበት ቁጥር ነበራቸው።

የሕግ ባለሙያ፣ ፍቼ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ ከዚያ ወዲህ ሕጓን አሻሽላለች፣ በወደቦቿ አዘውትረው የሚመላለሱ መርከቦች በውኃ ክልሏ ውስጥ ለሚሠራው ሥራ ለሠራተኛው ቢያንስ የአገሪቱን ዝቅተኛ ክፍያ እንዲከፍሉ የሚያዝ አዋጅ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በ2024 ያው ሥራ አስፈጻሚ እንደገና ፓርላማ ቀረበ። ዝቅተኛ ተከፋዮቹ በሰዓት 4.87 ፓውንድ ያገኙ ነበር፣ እሱ የዓመት ገቢው ከነጉርሻው 508 ሺህ ነበር። በ4.87 መኖር ትችላለህ ሲሉት አልችልም አለ። ሕጉ ጥርስ ያገኘው ሰው ስለጮኸ ነው፣ ኩባንያውም አልጠፋም፣ መርከቦቹ አሁንም ይመላለሳሉ። የሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ፣ ሕግ ሲጠብቅ ባለሀብት ይሸሻል ለምትለው ይሄ አንድ መልስ ይሁንህ።

አወያይ፣ ደብረ ብርሃን፦
ለሚቀጥለው ሳምንት በኤጀንሲ ተቀጥራችሁ የፈረማችሁት ውል ያላችሁ፣ ስምና የድርጅቱን መለያ ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የሕግ ባለሙያችን አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል። በተለይ ማነው አሠሪው የሚለውንና የሕመም ፈቃድን የሚመለከተውን ክፍል አትቁረጡት።