«እነሱም ታጥቀው ነበር» ማለት ምን ማለት ነው?

የሰኞ ገበያዋ፦ ሌሊቱን ሙሉ አንጀቴ ሲያር አደረ። አንድ ወንድማችን አዲስ አበባ ሄዶ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ጎብኝቶ መጣ። ከዚያ «ሰማዕት የሚለው ስም ይነሳ፣ እነሱም ታጥቀው ነበር» አለን። እኔም ገብቼ አይቻለሁ። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትና ልብስ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የታጠቀው የትኛው ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም እላለሁ። ደርግን የሚቃወመው ፓርቲ ኢሕአፓ ከተማ ውስጥ ሰው ይገድል ነበር። ያኔ ከደርግ ጋር የቆመው ፓርቲ የመኢሶን ሰው ፍቅሬ መርዕድ የተገደለው በ1969 መስከረም ነው። የደርጉ መንግሥቱ ቀይ ሽብርን ሲያውጅ አደባባይ ወጥቶ ቀይ የሞላበትን ጠርሙስ የሰበረው ሚያዝያ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ይታወቅ።

የመምህሩ ልጅ፦ በዚያው ሚያዝያ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ አዲስ አበባ የተረሸኑት አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። የያዙት ወረቀት ነው። ወረቀት ትጥቅ ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ሁሉም ታጥቆ ነበር አላልኩም።

የሰኞ ገበያዋ፦ «እነሱም» ብለሃል። እነሱ እነማን ናቸው? የእናቴ ወንድም 17 ዓመቱ ነበር። እዚሁ ደሴ፣ ከቤት በነጠላ ጫማ ወሰዱት። አያቴ ለቅሶ እንዳትቀመጥ ተከለከለች። ቡና ስትወቅጥ ብቻ ነበር የምታለቅሰው፣ የሙቀጫው ድምፅ እንዲሸፍንላት። እናቴ እስከ ዛሬ የሙቀጫ ድምፅ አትችልም። ቡና የምትገዛው የተፈጨ ነው።

ጋሼ ከአራዳ፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። እኔ ያኔ 10ኛ ክፍል ነበርኩ። የጦሳ ልጅ፣ ፍቅሬ መርዕድን ማንሳትህ ልክ ነው። ግን ነሐሴ 1969 ላይ መኢሶንም ከደርግ ተጣልቶ ሸሸ። ከደርግ ጋር ቆሞ የነበረው በተራው ተሳደደ። መሪው ኃይሌ ፊዳም ተገደለ። እናቶቻቸው እኩል አልቅሰዋል። የመታሰቢያው በር ለእነሱም ይከፈት ባይ ነኝ።

ቦሩ ሜዳ፦ እኛ ቤት በግፍ የተገደለ ሸሂድ፣ ሰማዕት ነው የሚባለው። ፓርቲው አይጠየቅም። አላህ ይማራቸው ይባልና ዱዓ ይደረጋል።

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን የዚህ ሁሉ ጣጣ ሥሩ እነ ዋለልኝ መኮንን፣ እነዚያ የተማሪ ንቅናቄ ሰዎች ናቸው። የብሔረሰቦችን ጥያቄ ጽፎ ያነሳው ማን ሆነና?

የመምህሩ ልጅ፦ ዋለልኝን እዚህ ምን አመጣው? በ1965 ኅዳር አውሮፕላን ሊጠልፍ ሲል ተገድሏል። ቀይ ሽብርን አላየም። የእዚሁ የደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ ስሙን እንደ ዋዛ አታንሳው።

የጦሳ ልጅ፦ የእኛ ልጅ ስለሆነ አይወቀስም?

ቦሩ ሜዳ፦ ይወቀስ፣ ግን በራሱ ሥራ። ደግሞ አብዮቱን ስታነሱ ረሃቡን አትዝለሉት። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን የታየው የእኛ የወሎ ረሃብ ነው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ለእኛ ሙታን ብለው የተነሱ ልጆች ናቸው ኋላ የታረዱት። ወሎ እንዴት «ታጥቀው ነበር» ይላል?

ጋሼ ከአራዳ፦ ወላሂ፣ ይህን ነው የምፈልገው።

የጦሳ ልጅ፦ በ2014 ጦርነት የሞቱብንስ? እነሱን ማን ያስባቸው? የ50 ዓመት ሙት ይዘን እንከራከራለን።

የሰኞ ገበያዋ፦ እነሱም ይታሰቡ! ማን ከለከለ? አንዱን ለማሰብ ሌላውን መርሳት የለብንም። አንተ ግን ከጥያቄዬ እየሸሸህ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ አልሸሸሁም። አጎትሽ ፎቶ አለው?

የሰኞ ገበያዋ፦ አንድ ብቻ። የተማሪ መታወቂያው ላይ የነበረ። ጥግ ላይ ማኅተሙ ግማሽ ፊቱን ይዞታል።

የጦሳ ልጅ፦ እሱ ይሰቀል። በእሱ አልከራከርም። «ሰማዕት» የሚለው ለሁሉም በጅምላ መሰጠቱን ግን አልቀበልም።

የሰኞ ገበያዋ፦ «እነሱም» ያልከውም በጅምላ ነው። መጀመሪያ እሱን አንሳ።