ክርክር፦ የኤአይ ሞዴልን ሕግ የሚለካው በስሌት መጠን ይሁን?

አወያይ፦ አንድ ሞዴል ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ የሚገባው ለሥልጠናው በፈጀው ስሌት ይሁን ወይስ በሌላ መለኪያ? መነሻችን የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሕግ አንቀጽ 51 ነው። ለሥልጠና ከ10²⁵ ፍሎፕ በላይ የፈጀ ሁለገብ ሞዴል «ሥርዓታዊ ስጋት ያለበት» ተብሎ ይገመታል። አንድ መደመር ወይም አንድ ማባዛት አንድ ፍሎፕ ነው።

ሰብለ፦ የ10²⁵ መስመሩ ይቆይ ባይ ነኝ። ችሎታን በፈተና ለመመዘን ሞዴሉ አስቀድሞ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። ስሌቱ ግን ሥልጠናው ሳይጀመር ይታወቃል፦ 6 ሲባዛ በፓራሜትር (ሞዴሉ በሥልጠና የሚያስተካክላቸው ቁጥሮች) ብዛት፣ ሲባዛ በቶክን (የጽሑፍ ቁራጭ) ብዛት። የሜታ ሞዴል ላማ 3.1 ትልቁ 405 ቢሊዮን ፓራሜትር አለው፤ የሠለጠነው በ15.6 ትሪሊዮን ቶክን ነው። ውጤቱ 3.8 × 10²⁵፣ ከመስመሩ በላይ። የኦፕንኤአይ ጂፒቲ-3 በ175 ቢሊዮን ፓራሜትርና በ300 ቢሊዮን ቶክን 3.15 × 10²³ ገደማ ላይ ይቀራል። ይህን ለማስላት ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

ዮናስ፦ ቀመሩ ልክ ነው፣ በራስሽ ቀመር ግን የቻይናው ኩባንያ ዲፕሲክ የሠራውን ዲፕሲክ-ቪ3ን አስይው። ጠቅላላ ፓራሜትሩ 671 ቢሊዮን ቢሆንም ለእያንዳንዱ ቶክን የሚሠሩት 37 ቢሊዮኑ ብቻ ናቸው። በ14.8 ትሪሊዮን ቶክን ሲባዛ 3.3 × 10²⁴ ይመጣል፣ ማለትም የመስመሩ ሲሶ። ሠሪዎቹ ባወጡት ሪፖርት ደግሞ በአብዛኞቹ ፈተናዎች ላማ 405ን ይበልጣል። እንግዲህ ደካማው ታስሮ ጠንካራው ተለቀቀ።

ሰብለ፦ አልተለቀቀም። ያው ሕግ የአውሮፓ ኮሚሽን ከመስመሩ በታች ያለውንም ሞዴል በአባሪ 13 መመዘኛዎች እንዲሰይም ይፈቅዳል። ከመስመሩ በላይ የሆነውም አምራች በሁለት ሳምንት ውስጥ ካሳወቀ በኋላ «የእኔ ስጋት የለበትም» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ ይችላል። መስመሩ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም። ደግሞም መደበቅ ይከብዳል፦ ኤች100 የተባለው አንድ የኤንቪዲያ ቺፕ በሰከንድ ወደ 10¹⁵ ስሌት ይሠራል፣ በተግባር 40 በመቶውን እንኳ ቢያገኝ ጥሩ ነው። 10²⁵ን ለመሙላት 10,000 ቺፕ አንድ ወር ያህል መሥራት አለበት። አንዱ ቺፕ 700 ዋት ስለሚበላ ቺፖቹ ብቻቸውን 7 ሜጋዋት ይፈጃሉ።

ዮናስ፦ ያቺ 40 በመቶ ናት ጉዱ። ኮሚሽኑ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ሁለት መንገድ ይቀበላል፣ ከሞዴሉ አወቃቀር ማስላት ወይም ከቺፕ ሰዓት መነሳት። በሁለተኛው የቺፑን ሰዓት በከፍተኛው ፍጥነትና በአጠቃቀም መቶኛ ታባዣለሽ። መቶኛውን 30 ያለና 45 ያለ በአንድ ተኩል እጥፍ ይለያያሉ፤ መስመሩ አጠገብ ላለ ሞዴል ይህ ወሳኝ ነው። የአጠቃቀም መዝገቡ ያለው ደግሞ አምራቹ እጅ ነው።

ብሩክ፦ ሁለታችሁም የምታዩት ቅድመ ሥልጠናውን ነው። ከኦፕንኤአይ ሞዴል ኦ1 (ሴፕቴምበር 2024) ወዲህ ችሎታ የሚጨምረው ሞዴሉ መልስ ሲሰጥ ረዘም አድርጎ እንዲያስብ በማድረግም ነው። ያ ስሌት በሥልጠናው ድምር ውስጥ አይገባም። ዲስቲሌሽንም (በትልቅ ሞዴል መልሶች ትንሹን ማሠልጠን) አለ፤ ዲፕሲክ በጃንዋሪ 2025 አር1 ከተባለው ሞዴሉ በተገኙ 800,000 ገደማ ናሙናዎች ከ1.5 እስከ 70 ቢሊዮን ፓራሜትር ያላቸውን ትናንሽ ሞዴሎች አሠልጥኖ ለቋል። በመመሪያው መሠረት የሰው ሞዴል ያሻሻለ ሰው እንደ አዲስ አምራች የሚቆጠረው በመሠረቱ ከዋናው ሥልጠና ሲሶ በላይ ስሌት ከጨመረ ነው። ሞዴሉ ጎጂ ነገር እንዳይሠራ የሚከለክለውን የደኅንነት አጥር ለማፍረስ የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው!

ታደለች፦ አሜሪካኖቹ የሞከሩትንም እንይ። የባይደን ትእዛዝ (ኦክቶበር 2023) 10²⁶ ላይ አሰመረ፤ በጃንዋሪ 20፣ 2025 ተሻረ። የካሊፎርኒያው ረቂቅ ሕግ ኤስቢ 1047 በ10²⁶ ላይ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሥልጠና ወጪን ጨመረ፤ ገዥው ኒውሰም ውድና ግዙፍ ሞዴሎች ላይ ብቻ ማተኮር ሐሰተኛ የደኅንነት ስሜት ይፈጥራል ብለው ውድቅ አደረጉት። በ2025 የፈረሙት ኤስቢ 53 ያንኑ 10²⁶ ይዞ ከበድ ያሉትን ግዴታዎች ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሆኑት አደረገ። በአውሮፓው አባሪ 13ም 10,000 የተመዘገቡ የንግድ ተጠቃሚዎች የሚል መለኪያ አለ። እኔ የምለው፣ ከመለቀቁ በፊት ለሚደረግ ፈተና ስሌቱ ያገልግል፤ ከተለቀቀ በኋላ ላለው የአደጋ ሪፖርት ደግሞ የተጠቃሚ ብዛት።

ብሩክ፦ ክፍፍልዎን እቀበላለሁ፣ ግን ክብደቱ (የፓራሜትሮቹ ዋጋዎች) በነጻ የተለቀቀ ሞዴል የተመዘገበ ተጠቃሚ የለውም። ማንም አውርዶ በራሱ ሰርቨር ያስኬደዋል። ያኔ ሪፖርቱን የሚጽፈው ማን ነው?

ታደለች፦ የለቀቀው። ሌሎች ሞዴሉን ምን እንደሚያደርጉበት ማየት ስለማይችል ከሪፖርቱ ይልቅ ቅድመ ፈተናው ይክበድ፦ አጥሩ ቢፈርስ ሞዴሉ ምን ይሠራል የሚለው ከመለቀቁ በፊት ይፈተሽ።

ዮናስ፦ ይህን እደግፋለሁ። ግን ይህ ፈተና ከ10²⁵ በታች ላለው ክፍት ሞዴልም ይሁን። አለበለዚያ ቪ3 እንደገና ያመልጣል።