የክሊቭላንድ ቡድን ስም መለወጥ ታሪክን ማጥፋት ነውን?

አወያይ፦ በአሜሪካ የክሊቭላንድ ከተማ የቤዝቦል ቡድን ከ1915 ጀምሮ ሲጠራበት የኖረውን «ኢንዲያንስ» የሚል ስም (የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተጠሩበት ነው) ትቶ ከ2022 የውድድር ዘመን አንሥቶ «ጋርዲያንስ» ተብሏል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለውጡ ታሪክን አጥፍቷል የሚሉ ወገኖች ስላሉ ጉዳዩ ለክርክር ቀርቧል።

ሀ፦ አጥፍቷል እላለሁ። ስሙ ለስድብ የወጣ አልነበረም፤ ከ1897 እስከ 1899 ለከተማዋ የቀድሞ ቡድን ለ«ስፓይደርስ» የተጫወተውን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የፔኖብስኮት ሕዝብ ተወላጅ ሉዊስ ሶካሌክሲስን የሚያስታውስ ነበር። ስሙ ሲነሣ መታሰቢያው አብሮ ተነሥቷል።

ለ፦ በአክብሮት እቃወማለሁ። ቡድኑ ከ1903 ጀምሮ በኮከብ ተጫዋቹ በናፖሊዮን ላጆዌ ስም «ናፕስ» ይባል ነበር። በ1914 ቡድኑ 102 ጨዋታዎች ተሸንፎ መጨረሻ ከወጣ በኋላ ላጆዌ ወደ ፊላዴልፊያ ስለ ሄደ፣ ባለቤቱ ቻርለስ ሶመርስ አዲስ ስም እንዲመርጡ የከተማዋን የስፖርት ጋዜጠኞች ጠየቀ። እነርሱም የቀድሞው ቡድን አልፎ አልፎ ይጠራበት የነበረውን «ኢንዲያንስ» የሚለውን ስም መረጡ፤ በጥር 1915 የወጣው የከተማዋ ጋዜጣም ስሙ ጊዜያዊ መሆኑንና ቡድኑ በጨዋታው ሌላ የተሻለ ስም ሊያገኝ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ሶካሌክሲስ ሰበብ አልነበረም አልልም፤ የቀድሞው ቡድን በዚያ ስም የተጠራው በእርሱ ምክንያት ነው። ነገር ግን በ1897 ተመልካቹ ሜዳ ላይ በጩኸት ሲሳለቅበት እንደነበረ አብሮ መነገር አለበት፤ ይህን ትቶ ስለ ክብር ብቻ ማውራት ለሰውየው ፍትሕ አይደለም።

ሐ፦ የዘመኑን ልማድ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ክለቦቹ በአብዛኛው በከተማቸው ስም ብቻ ይታወቁ ስለነበር ቅጽል ስሙን የሚያወጡት ርእስ የሚያሳጥሩ ጋዜጠኞች ነበሩ። የኒው ዮርኩን የብሩክሊን ቡድን ውሰዱ፦ በርካታ ተጫዋቾቹ በተቀራራቢ ጊዜ ስላገቡ «ሙሽሮቹ» ተባለ፤ በከተማዋ ጎዳናዎች ከኤሌክትሪክ ባቡር እየሸሹ የሚሻገሩትን ነዋሪዎች በማሰብ «ዶጀርስ» (ሸሽተው የሚያመልጡ) ተባለ፤ ኔድ ሃንሎን አሠልጣኝ ሲሆን የእርሱን የቤተሰብ ስም በሚጋራ የትርኢት ቡድን ሰበብ «ሱፐርባስ» ሆነ፤ ከ1914 እስከ 1931 ደግሞ በአሠልጣኙ በዊልበርት ሮቢንሰን ስም «ሮቢንስ» ተባለ። ሮቢንሰን ሲሄድ «ዶጀርስ» ተመለሰ፤ ታሪክ ጠፋ ብሎ የጮኸ ግን አልነበረም።

ሀ፦ የብሩክሊን ምሳሌ አያሳምነኝም። እነዚያ ስሞች በጋዜጣ ላይ የኖሩ ናቸው፤ የክሊቭላንዱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ማሊያ ላይ ተጽፎ፣ በ1920ና በ1948 የዓለም ሻምፒዮንነት ሲገኝ የተጨፈረበት ነው። ጊዜያዊ ሆኖ ቢጀምርም ትውልድ የራሱ አድርጎታል።

ለ፦ የደጋፊውን ፍቅር አልክድም። ሆኖም በስሙ የተጠሩት ነባር ሕዝቦች ተቃውሟቸውን ያሰሙት ትናንት አይደለም፤ ጉዳዩን ገና በ1972 ፍርድ ቤት ወስደውታል። የሁለቱ ሻምፒዮንነቶች መዝገብ ዛሬም የዚያው ክለብ ነው፤ ሶካሌክሲስንም መዘከር የሚፈልግ ክለብ በራሱ በሶካሌክሲስ ስም ሊያደርገው ይችላል።